የበረኛዋ ጭንቅላት

ሰው ሲወድቅ ሮጦ የሚመጣ ሰው ያስጠላኛል። እንዲህ ማለቴ ክፉ ሴት እንደሚያስመስለኝ አውቃለሁ። እኔ ያየሁትን ያየ ግን ሮጦ የመጣ ሁሉ ለመርዳት እንዳልመጣ ያውቃል። አንዱ ውሃ ይደፋል፣ አንዱ ክብሪት ለኩሶ አፍንጫ ሥር ይደቅናል፣ አንዷ "አይዞሽ፣ ተነሺ፣ ምንም አልሆንሽም" እያለች ክንድ ትጎትታለች። የቀረው ዙሪያውን ቆሞ ከንፈሩን ይመጥጣል። የቱ ጋ ነው የመታሽ ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው አይገኝም።

እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። አባቴ ጅቡቲ፣ ቡላኦስ ውስጥ የከፈተውን ሱቅ ይዤ እዚሁ አርጅቻለሁ፤ መጋረጃ፣ መሬት ላይ የሚዘረጋ የመጅሊስ መቀመጫ ጨርቅና ለመጅሊሱ የሚሆን ስፖንጅ እሸጣለሁ። ቤቴ ካርቲየ 2 የሚባለው ሰፈር ነው። ከግቢዬ ጀርባ ያለችውን ክፍል በየሰው ቤት ተቀጥረው የሚያድሩ የአገሬ ልጆች በጋራ ተከራይተዋታል። ዓርብ ከየማዳሞቻቸው ሲለቀቁ ይሰበሰቡባታል። ልብስ ይቀይራሉ፣ ጸጉር ይሠራራሉ፣ አንዳንዷ ደግሞ ከገባች እስክትወጣ ትተኛለች። ሳምንቱን ሙሉ በሹክሹክታ የኖረች ልጅ እዚያ ክፍል ስትገባ ድምጿ ከፍ ይላል። እኔም ጩኸታቸውን እወደው ነበር፤ ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ግቢው ጭር ብሎብኝ ስለነበር።

ኳሱ እንዴት እንደተጀመረ አላውቅም። አንዷ ለፈረንሳይ ቤተሰብ ትሠራ ስለነበር ኳስና ያረጁ ማሊያዎች ይዛ መጣች መሰለኝ። ብቻ ዓርብ ከአስር ሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ ትንሽ ሲለሳለስ፣ የካርቲየ 2 እና የካርቲየ 7 ቢስ ልጆች ሱሪያቸውን ታጥቀው፣ ሻርፓቸውን ከአገጫቸው ሥር ቋጥረው መጋጠም ጀመሩ። ሜዳው ሜዳ አይባልም። ጠጠር ነው። ግቦቹን አንድ ሰው ከተረፈ የውሃ ቱቦ በይዶ አቆማቸው። ብረቱ የእጄን አንጓ ያክላል፤ ዝገቱ ልብስ ይቀድዳል።

ሲጫወቱ ማየት ግን ደስ ይል ነበር። አልዋሽም። "እሺ ማዳም፣ እሺ ማዳም" ስትል የከረመች ልጅ ኳስ ስትቀማ፣ ስትሳደብ፣ ጎል አግብታ እጇን ዘርግታ ስትሮጥ የማታውቋትን ሴት ታያላችሁ። እኔም ወንበሬን አስይዤ ከዳር እቀመጣለሁ።

ከሁሉም የምወዳት በረኛዋን ነበር። የኮምቦልቻ ልጅ ናት፤ ካርቲየ 7 ቢስ አንድ ቤት ታድራለች፤ ግን ዓርብ ዓርብ የምታርፈው እኔ ግቢ ስለሆነ የምትጫወተው ለእኛ ነበር። ረጅም ናት፣ ዝምተኛ ናት፣ ግብ ውስጥ ስትቆም ግን ዝም አትልም። ተከላካዮቿን በስም እየጠራች ታዝዛቸዋለች። ኳስ ወደ ጥግ ስትሄድ ሙሉ ሰውነቷን ለዚያ ጠጠር ትሰጠዋለች። ክርኗ ቁስል ያልነበረበት ዓርብ አላስታውስም።

አንድ ዓርብ እንዲሁ ተወረወረች፤ ኳሷን አወጣቻት፤ ራሷ ግን ከቋሚው ብረት ጋር ተላተመ። ብረቱ ጮኸ። ሜዳው ዳር የቆመ ሁሉ ድምፁን ሰምቷል፤ ይህን አጥብቄ የምናገረው ኋላ ላይ ሁሉም እንዳልሰማ ስለሆነ ነው። ወደቀች። ሮጡ። ውሃው ተደፋ፣ ክብሪቱ ተለኮሰ። ዓይኗን ስትገልጥ አጨበጨቡላት። አሠልጣኛቸው አንድ የወደብ ትራንዚት ሠራተኛ ነው፤ ጉንጩ በጫት ተወጥሮ "ጀግና!" እያለ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋትና ወደ ግቡ መለሳት።

"አቦ፣ ልጅቷ ትውጣ እንጂ! ጭንቅላቷን ነው የመታት!" አልኩት።

"እትዬ፣ አየሻት አይደል? ቆማለች እኮ" አለኝ። ሰው ከቆመ ደህና ነው ማለት ነው፤ የሰውየው እውቀት እዚያ ላይ ያበቃል።

ጨዋታው ሲያልቅ ወደ እኔ መጣችና "እትዬ፣ ማን አሸነፈ?" አለችኝ። "እናንተ" አልኳት። ፈገግ አለች። የፕላስቲክ ውሃዬን ሰጥቻት ጠጣችና "ማን አሸነፈ ግን?" አለችኝ። ጓደኞቿ በሳቅ ፈረሱ። እኔ አልሳቅኩም። ታክሲ አስቁሜ ክሊኒክ እንሂድ ብላት ማዳሟ የምትጠብቅበት ሰዓት ደርሷል ብላ እየሮጠች ሄደች። የቀን ነፃነታቸው በደቂቃ የተሰፈረ ስለሆነ ማዘግየት ምን እንደሚያስከትል አውቃለሁ፤ ለቀቅኳት።

በሚቀጥለው ሳምንት መጀመሪያ አንዷ ተጫዋች ክር ልትገዛ ሱቄ መጣች። ክሩን መርጣ ስትጨርስ ወደ እኔ ጠጋ አለችና "እትዬ፣ ጉድ ሰማሽ?" አለችኝ። ዓይኗ ያበራል። ሰው መጥፎ ወሬ ይዞ ሲመጣ ዓይኑ እንዲህ የሚያበራው ለምንድን ነው? በረኛዋ እያስመለሳት ነው አለችኝ። ቆማ እያለች ያዞራታል። ወጥ ላይ ጨው መጨመሯን ትረሳለች፣ ወይም ሁለቴ ትጨምራለች። ቀን እንቅልፍ ይጥላታል። የሽንኩርት ሽታ አይስማማትም።

"ታዲያ?" አልኳት።

"ታዲያማ አረገዘች ነዋ!"

ደሜ ፈላ። "አንቺ፣ ብረቱ ሲመታት አጠገቧ አልነበርሽም? ውሃ የደፋሽባት አንቺ አይደለሽም እንዴ?"

"እሱማ አዎ። ግን ጭንቅላት ሲመታ ራስ ያማል እንጂ ያስመልሳል እንዴ?" ብላ ሳቀች። "እትዬ ደግሞ የዋህ ናት" የሚል ሳቅ። ክሩን ይዛ ወጣች። ወሬው ከሷ በፊት ክፍላቸው ደርሶ እንደነበር ቆይቶ ገባኝ።

ወሬ በየትም አገር አለ። እዚህ ከተማ ግን በወሬው ላይ መንገድ አለ። የአገራችን ከባድ መኪና ሹፌሮች ከወደብ ጭነው ሲመለሱ ጭነቱ ሚሌ ሳይደርስ ወሬው ኮምቦልቻ ገብቷል። የልጅቷ ታላቅ ወንድም ደግሞ ከእነዚሁ ሹፌሮች አንዱ ነው። ዓርብ ዓርብ ከሜዳው ዳር ካለው ግንብ ጥላ ሥር ተዘርግተው እየቃሙ ጨዋታ የሚያዩት የእሱ ጓደኞች ናቸው። እህት እንዲህ ሆነች ተብሎ ለወንድም ከተነገረ ምን እንደሚሆን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

ሱቁን ዘግቼ በሚኒባስ ካርቲየ 7 ቢስ ወረድኩ። ማዳሟ በር ላይ ተቀበለችኝ። ጥሩ ሽቶ የተቀባች፣ ዲራዕ የሚሉትን ስስ ቀሚስ የለበሰች፣ አነጋገሯ ለስላሳ የሆነ የአገሩ ሴት ናት። በሶማሊኛ አወራን። ኳስ ስትጫወት ራሷን ብረት መቷታል፣ ሐኪም ሊያያት ይገባል አልኳት። "እኔ እኮ መርምሬያታለሁ" አለችኝ። ከፋርማሲ የእርግዝና መመርመሪያ አስገዝታ፣ ልጅቷን ሽንት ቤት አስገብታ፣ በር ላይ ቆማ ጠብቃለች። ምንም አልተገኘም። "ገና ስለሆነ ይሆናል፤ በድጋሚ አያታለሁ" አለችኝ፣ የቆየ ወተት እንደምትፈትሽ ሁሉ እርግጠኛ ሆና።

"የመታት ጭንቅላቷን ነው፤ የመረመርሽው ሌላ ነው" አልኳት።

ትከሻዋን ነቀነቀች። "ያው ነው። ካረገዘች አልፈልጋትም፤ ከታመመችም ማስታመም አልችልም።" ይህን ያለችው ሳትቆጣ ነው። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ልጅቷን እየለመንኩ አስፈቅጄ ክሊኒክ ወሰድኳት። ታክሲ ውስጥ የመስኮቱ ብርሃን አስቸግሯት ሻርፗን ዓይኗ ላይ ጣለች። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ጣቱን እያንቀሳቀሰ በዓይኗ አስከተላት፣ በአንድ እግሯ አቆማት፣ ቃላት ነግሯት ቆይቶ ጠየቃት። አልመለሰቻቸውም። በፈረንሳይኛ የነገረኝን እኔ በአማርኛ ነገርኳት። አንጎልሽ ውስጥ ለውስጥ ተናውጧል። ከውጭ ስላልቆሰለ ደህና ነው ማለት አይደለም። ራስ ምታቱና ማዞሩ ጨርሶ እስኪተውሽ ድረስ ሩጫ የለም፣ ኳስ የለም፣ ስልክ ላይ ማፍጠጥ የለም፤ ከዚያም ቢሆን ሐኪም አይቶሽ ቀስ በቀስ ነው። ይህ ሳይድን ሌላ ከተመታሽ ግን ሁለተኛው ከመጀመሪያው የከፋ ነው፤ ሊገድልም ይችላል። ማስመለሱ ከባሰ ወይም አልነቃ ካልሽ ደግሞ በፍጥነት ሆስፒታል።

አዳመጠችና "ዓርብ ግጥሚያ አለ በይው" አለችኝ።

አልኩት። ሐኪሙ እኔን አየኝ። ጥያቄው የእኔ የመሰለው ይመስለኛል።

መድኃኒቱ ይኸው ነው እንግዲህ። መርፌ የለውም፣ ከውጭ አገር አይመጣም። ራሱን የተመታ ሰው ይውጣ፣ ይረፍ፣ በደንብ ሳይድን አይመለስ። ሕፃን የሚገባው ነገር ነው። እኔ ግን ይህን ለትልልቅ ሰዎች ማስረዳት አቃተኝ። የልጆቹ ክፍል ገብቼ ብነግራቸው አንዷ እየሳቀች "ሐኪም ደግሞ ሆድን ትቶ ጭንቅላት ማከም ጀመረ?" አለች። ሌላዋ "እትዬ እኮ ስለምትወዳት እየሸፋፈነችላት ነው" አለች፤ እኔው እዚያው ቆሜ እያለሁ። እነዚህ ልጆች እያንዳንዳቸው በማዳሞቻቸው ስማቸው ጠፍቶ አልቅሰው ያውቃሉ። ሽቶ ጠፋ ሲባል ሻንጣቸው የተበረበረ ናቸው። ታዲያ እንዴት ነው ሰው የተደረገበትን እንዲህ ጥርት አድርጎ ተምሮ በጓደኛው ላይ የሚደግመው?

አሠልጣኙን ሱቄ ድረስ አስጠራሁት። ቁጭ ብሎ ሰማኝ፤ ጨዋ ሰው ነው፣ ሰው ሲናገር አያቋርጥም። ስጨርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እትዬ፣ ገብቶኛል። ግን ከቀረች ሰው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ። ሆዷን ልትደብቅ ቀረች ነው የሚሉት። ብትጫወት ወሬው እዚያው ይሞታል። ለሷው ብዬ ነው" አለኝ።

"ሌላ በረኛ የለህም?"

"አለ። ግን ነገሩ የበረኛ አይደለም።"

አየሁት። ጥሩ ነገር እየሠራ እንደሆነ ያምናል። ከክፉ ሰው ይልቅ እንዲህ ያለው ሰው ይበልጥ ያንገሸግሸኛል፤ ክፉውን ትሰድበዋለህ፣ ይሄኛው ግን አመስግኑኝ ይላል።

የቀረችኝ ልጅቷ ራሷ ነበረች። ሐሙስ ማዳሟ ለቲማቲም ስትልካት ገበያ ጠብቄ አገኘኋት። ፊቷ ገርጥቷል። የያዘችውን ዘምቢል ከአንድ እጇ ወደ ሌላው ታቀያይራለች።

"ልጄ፣ ነገ እንዳትጫወቺ" አልኳት።

"እትዬ፣ ካልተጫወትኩ አለቀልኝ።"

"ከተጫወትሽስ? ሐኪሙ ያለውን ሰምተሽ የለም?"

"ሰምቻለሁ።" ዘምቢሏን መሬት አሳረፈችና "ወንድሜ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል። ጓደኞቹ ዓርብ ሜዳው ላይ አሉ። ስወድቅ ስነሳ፣ ስዘል ካዩኝ ያረገዘች ሴት እንዲህ አትሆንም ይሉታል። ሌላ በምን ላሳያቸው? ምርመራውን ማዳም ብታሳያቸው እንኳ አያምኑም" አለችኝ።

"እኔ ለወንድምሽ እነግረዋለሁ።"

"አንቺ ሴት ነሽ፣ እትዬ። ሴት ለሴት ትሸፍናለች ነው የሚለው።"

ልጅቷ አልተሳሳተችም፤ አስጠሊታው ነገር እሱ ነው። ሰዎቿን ከእኔ አብልጣ ታውቃቸዋለች። ጭንቅላቷን ለመታደግ መቀመጥ አለባት፤ ከተቀመጠች ደግሞ ጥፋተኛ ናት። ሂጂና ተኚ ማለት ለእኔ ቀላል ነው።

አልተዋትም ብዬ ወደ ሱቄ ተመለስኩና የማውቀውን ሥራ ሠራሁ። ወፍራሙን የመጅሊስ ስፖንጅ አውጥቼ በረጅሙ ቆረጥኩ፣ በሸራ ሰፋሁት፣ አንድ የጉልበት ሠራተኛ ይዤ ሜዳው ሄድኩ። አራቱን ቋሚዎች ከመሬት ጀምሮ ከሰው ቁመት በላይ እስኪደርስ ጠቀለልኳቸውና በሲባጎ አሰርኳቸው። መንገደኛ ቆሞ ይስቃል። አንዱ "እናቴ፣ ብረቱ በርዶት ነው?" አለኝ። በዚህ ሙቀት! ሳቁ አላስቀየመኝም። ስፖንጁን በጡጫዬ መታ መታ አድርጌ አየሁት፤ ይይዛል። ቢያንስ እንደገና ብረት አይመታትም ብዬ ተጽናናሁ። የሐኪሙን ትእዛዝ እንደማይተካ አውቃለሁ፤ ከምንም ይሻላል ብዬ ነው።

ዓርብ ከወትሮው ቀድሜ ሄድኩ። ሕዝቡ በዛ። ለኳሱ እንዳልመጣ ከአስተያየቱ ያስታውቃል። በረኛዋ ስትገባ የሁሉም ዓይን ማሊያዋ ላይ፣ ሆዷ አካባቢ አረፈ። እሷም ታውቃለች። ማሊያዋን ሱሪዋ ውስጥ ከታ፣ ወገቧን በሻርፕ አጥብቃ አስራ ነበር፤ ሆዷ ጠፍጣፋ መሆኑ እንዲታይ። እንደዚያ ሆና ሳያት ዓይኔን ወደ መሬት መለስኩ። ሃያ ምናምን ዓመት የሆናት ልጅ ለሹፌር መንጋ ሆዷን ለማሳየት ስትታጠቅ ማየት አልቻልኩም።

በመጀመሪያው አጋማሽ ኳስ ብዙም አልደረሰባትም። ሦስቴ ግን ያለ ምክንያት ዘለለች። ኳሷ በሩቁ እየወጣች እያለ እሷ ትወረወራለች፣ ትነሳለች፣ ጠጠሩን ከክንዷ ታራግፋለች። ለምን እንደምትወረወር የገባኝ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። በተነሳች ቁጥር ግን አንድ እጇ የተጠቀለለውን ቋሚ ይይዛል፤ ትንሽ ቆማ ነው የምትለቀው። ዕረፍት ላይ ሄጄ "በቃሽ፣ አይተውሻል፣ ውጪ" አልኳት። "ትንሽ ነው የቀረው" አለችኝ። አሠልጣኙን አየሁት፤ በአውራ ጣቱ ደህና ናት የሚል ምልክት አሳየኝ።

ከዕረፍት መልስ ግብ ተቀያየሩ። እሷ ከግንቡ በኩል ወዳለው ግብ ሄደች። እኔ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ሳይ የሆነ ነገር ከነከነኝ። የዚያኛው ግብ አንዱ ቋሚ ቀጭን ነው። ዓይኔን አሸት አሸት አድርጌ አየሁ። ብረቱ ራቁቱን ነው። ሸራውም ስፖንጁም የለም። ግንቡ ጥላ ሥር የተዘረጉትን ሰዎች አየሁ። ጫታቸውን ከፊታቸው ቆልለው፣ ቴርሞሳቸውን ደርድረው፣ ሁለቱ በእኔ ስፖንጅ ላይ ክርናቸውን ተደግፈዋል። ለመቃሚያ መደገፊያ አድርገውታል።

ተነስቼ ሄድኩ። ሜዳውን በዳር ሳይሆን በመሐል ነው ያቋረጥኩት፤ ኳስ እየተጫወቱ መሆኑም ትዝ አላለኝም።

"ተነሱ! እሱን ወዲህ አምጡ!" አልኳቸው።

አንዱ ጫቱን እያላመጠ ቀና አለ። "እትዬ፣ ምን ቸገረሽ? ጨዋታው ሲያልቅ እንመልሰዋለን። ደንጋዩ ጎናችንን ጨረሰው እኮ" አለኝ። ፈገግ ብሎ ነው። ከጎኑ ያለው ለእኔ ቦታ ሊለቅልኝ ሸርተት አለ፤ ቁጭ በይ ለማለት። ጎናቸውን! እነሱ ጎናቸው እንዳይቆረቁራቸው!

ስፖንጁን ጫፉን ይዤ እየጎተትኩ ሳለሁ ከኋላዬ ያ ድምፅ ተሰማ። ያው ድምፅ ነው። ዞር ሳልል አወቅኩት።

ኮርነር ነበር አሉኝ በኋላ። ኳሷን በቡጢ ልታወጣ ዘላ ከአንዷ አጥቂ ጋር ተጋጭታ ነው ወደ ብረቱ የሄደችው። እኔ ስዞር መሬት ላይ ናት፤ አንድ እጇ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ጣቶቿ ተቆልምመዋል። አልተንቀሳቀሰችም። ሮጡ። ሁሉም ሮጠ። እኔ ስፖንጁን እየጎተትኩ ከሁሉም በኋላ ደረስኩ።

ቀድማ የደረሰችው ያቺ ክር ልትገዛ የመጣችው ልጅ ናት። ተንበረከከች። እጇን የት እንዳሳረፈች ልንገራችሁ። ከበረኛዋ ጆሮ ቀጭን ደም ወደ ጠጠሩ ይወርዳል፤ እሷ ግን እጇን ያሳረፈችው ሆዷ ላይ ነው። ተጫን ተጫን አደረገችው። ሌላዋ ደግሞ ጎንበስ ብላ ሱሪዋን፣ በጭኖቿ መሐል አየች። "ደም አለ?" ብላ ጠየቀች አንዷ ከኋላ። "የለም" አለች ያቺ ያጎነበሰችው፤ ቅር ያላት ይመስል።

በእጄ የያዝኩትን ስፖንጅ በዚያችው ልጅ ፊት ላይ እንደወረወርኩት ትዝ ይለኛል። ከዚያ ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም። ክብሪት የለኮሰውን ሰው እጅ መታሁ። አንገቷን እንዳያንቀሳቅሱ፣ እንዳይጎትቷት በራሷ ላይ ተደፍቼ ቆየሁ፣ አምቡላንስ እስኪመጣ። አሠልጣኙ ከራስጌዬ ቆሞ "ደህና ነበረች እኮ፣ ደህና ነበረች" ይላል። ዝም በል ለማለት እንኳ ተጠየፍኩት።

ሆስፒታል ገባች፤ ራሷን ከፍተው የተጠራቀመውን ደም አወጡላት። በሕይወት ተረፈች፤ አልሃምዱሊላህ። ወንድሟ ደረሰ። አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ ከመኪናው ወርዶ ነው የመጣው፤ ዓይኖቹ ቀልተዋል፤ አዘንኩለት። በራሷ ዙሪያ የተጠመጠመውን ፋሻ አይቶ እንባው መጣ። ከዚያ ሐኪሙ ሲመጣ ወደ ጎን ሳበኝና "እናቴ፣ ፈረንሳይኛ ትችያለሽ አሉኝ። እስቲ ጠይቂልኝ፤ ከራሷ ሌላ... ሌላ ነገር የለባትም ወይ በይልኝ" አለኝ።

አልጠየቅኩለትም። ሐኪሙ ምን ይላል ሲለኝ "መቼ እንደምትነቃ አላውቅም ይላል" አልኩት። ያልተጠየቀለት ጥያቄ በፊቱ ላይ ቀረ። ለእህቱ ይጸልያል፣ ያለቅሳል፣ እና ይጠረጥራል። ሁሉንም በአንድ ላይ።

ስትነቃ ወደ አገሯ ወሰዳት። ማዳሟ ልብሷን በፕላስቲክ አድርጋ ሆስፒታል በር ድረስ ላከችው እንጂ አልመጣችም። ሜዳው ላይ ለጥቂት ሳምንት ጨዋታ ቆመ፤ ከዚያ ቀጠለ። ብረቶቹ እንዳሉ ናቸው። ክፍሉን ግን ልጆቹን አስለቀቅኳቸው፤ ግቢዬ ጭር ብሏል፤ ጭር ይበል።

ኮምቦልቻ እደውላለሁ። እናቷ ናት የምታነሳው። ቀን ቀን መጋረጃ ዘግተው ነው የሚያኖሯት አለችኝ፤ ብርሃን አትችልም። አንዳንድ ቀን ስትስቅ ይሰማል፤ አንዳንድ ቀን ማንኪያ መያዝ ያቅታታል። ባለፈው ስልኩን ሰጠቻት። "እትዬ" አለችኝ፤ ደስ አለኝ፤ ስለ ድሮው አወራኋት፤ "እሺ፣ እሺ" ትላለች። ከዚያ "ማን ልበል?" አለችኝ።

ያን ስልክ በዘጋሁ በማግስቱ ያቺ ልጅ፣ እጇን በበረኛዋ ሆድ ላይ ያሳረፈችው፣ ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ሱቄ መጣች። ሥራ ቀይራለች፤ ለማዳሟ የመጋረጃ ጨርቅ ነው የፈለገችው። መቀስ ይዤ እየለካሁላት ሳለ ጠረጴዛው ላይ ተደግፋ፣ ስለ ዘመድ እንደምትጠይቅ ሁሉ ድምፅዋን አለስልሳ "እትዬ፣ ያቺ በረኛ ትዝ ትለኛለች። ለመሆኑ ምን ወለደች?" አለችኝ።

መቀሱን አስቀመጥኩ። "ውጪ" አልኳት። "ከሱቄ ውጪ! ሁለተኛ እንዳላይሽ!" ጎረቤት ያለው ባለ ሱቅ ሳይቀር ምን ሆነች ብሎ አንገቱን ብቅ አደረገ።

እየተጣደፉ ወጡ። ደጃፉ ላይ ወደ ጓደኛዋ ዞር ብላ፣ እኔ ብሰማም ሳይገዳት፣ "አየሽ?" አለቻት። "ውሸት ቢሆን እንዲህ ትቆጣ ነበር?"